ከኦንፍለር ወደብ እስከ ካማምቤር መንደር

በፈረንሳይ አገር በስተ ሰሜን፥ ሴን የተባለው ታላቅ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አፍ አጠገብ፥ ኦንፍለር የምትባል ጥንታዊት ወደብ አለች። ከዚህች ከተማ ተነሥቶ የኖርማንዲን ጠረፍ ይዞ ወደ ምዕራብ በመኪና የሚጓዝ ሰው፥ በስተ ቀኙ ባሕሩን፥ በስተ ግራው የፖም ዛፍና የላም መስክ የሞላበትን ለምለም አገር እያየ ይሄዳል። የባሕሩ ወገን የመሳፍንትንና የጦርን ታሪክ ይናገራል፤ የመስኩ ወገን ደግሞ የወተትንና የፎርማጆን። ዓመታቱ ሁሉ ከዚህ በታች የተጻፉት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

በኦንፍለር ተጓዡን የሚያቆመው የቅድስት ካትሪን ቤተ ክርስቲያን ነው። የታነጸው በ15ኛው መቶ ዓመት፥ ፈረንሳይና እንግሊዝ የመቶ ዓመት ጦርነት ካደረጉ በኋላ ነው። የሠሩትም ድንጋይ ጠራቢዎች ሳይሆኑ መርከብ ሠሪዎች ስለ ነበሩ ሁለመናው እንጨት ነው፤ ከውስጥ ቆሞ ቀና ብሎ ጣራውን ያየ ሰው የተገለበጠ መርከብ ይመስለዋል። ቤተ ክርስቲያን በኖኅ መርከብ መመሰሏን ለሚያውቅ አንባቢ የነዚያ አናጢዎች ሥራ ተርጓሚ አያሻውም።

ከዚያ ወዲያ የዲቭ ወንዝ አፍ ይገኛል። የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በ1066 እንግሊዝን ለመያዝ መርከቦቹን ያከማቸው በዚህ ነው። ከ878 ዓመት በኋላ፥ በ1944፥ የተባባሪዎቹ መንግሥታት ጦር ከእንግሊዝ ተነሥቶ በዚሁ ጠረፍ ላይ ወረደ።

ከዲቭ ጠረፉን ትቶ ወደ ውስጥ የታጠፈ መንገደኛ ቤቭሮን ወደ ተባለችው መንደር ይደርሳል። የቤቶቿ ወራጅና ምሰሶ ወደ ውጭ እየታየ መካከሉ በጭቃ የተመረገ ነው። ጭቃ ቤት የድኻ ቤት ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ቢኖር፥ ፈረንሳዮች እነዚህን ቤቶች እንደ ቅርስ ሲጠብቁ ቢያይ ይደነቅ ነበር። በዚሁ አውራጃ ትርጓሜዋ «የጳጳስ ድልድይ» የሆነ ፖን ሌቬክ የምትባል ከተማ አለች፤ በስሟ የሚጠራው ፎርማጆ ከጥንት መነኰሳት የመጣ ነው ይባላል። የሊቫሮ ከተማ ፎርማጆ ደግሞ ወገቡን በአምስት ዙር ቀጤማ ስለ ታሰረ፥ እንደ መኰንን ምልክት ተቈጥሮ «ኮሎኔል» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል።

ከሁሉ የገነነው ግን የካማምቤር ነው። የኢትዮጵያ አይብ ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራው በእሳት ተሙቆ የሚገኝ ነው፤ ካማምቤር ግን ያልተፈላ የላም ወተት ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ማርጊያ ረግቶ ይሠራል። የረጋው በጭልፋ እየተቀዳ ወደ ቅርጽ ማውጫው ይጨመራል፤ ይኸውም በአንድ ጊዜ አይደለም። ቢያንስ አምስት ጊዜ፥ በየመካከሉ አርባ ደቂቃ እየተቈየ ነው፤ አጓቱ በገዛ ክብደቱ ቀስ ብሎ እንዲንጠፈጠፍ። ከዚያ ጨው ይነሰነስበትና ነጭ ሻጋታ እስኪያለብሰው ድረስ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይቀመጣል። ለአንዱ ከሁለት ሊትር የሚበልጥ ወተት ያስፈልገዋል፤ ሚዛኑ ግን 250 ግራም ያህል ብቻ ነው።

የመንደሪቱ ሰዎች ስለ አጀማመሩ የሚናገሩት ታሪክ ለካህናት የሚቀርብ ነው። በ1790 የፈረንሳይ አብዮት መንግሥት ካህናቱን ለአዲሱ ሕግ እንዲምሉ ባዘዘ ጊዜ ብዙዎች እንቢ አሉ፤ ተሰደዱም። ከነዚህ አንዱ ቄስ ቦንቩ ከብሪ አገር መጥቶ ቦሞንሴል በተባለው እርሻ በተሸሸገ ጊዜ፥ የእርሻው ሴት ማሪ አሬል ሸሸገችው፤ እርሱም ውለታዋን ለመክፈል የአገሩን የፎርማጆ አሠራር አስተማራት ይባላል። ታሪኩ ያማረ ነው። ነገር ግን ቶማስ ኮርኔይ በ1708 ባሳተመው መዝገበ ቃላት፥ በቪሙቲዬ ገበያ የካማምቤር ፎርማጆ እንደሚሸጥ ጽፏል፤ ማሪ የተወለደችው በ1761 ነው። ስለዚህ ፈልሳፊዋ እርሷ ልትሆን አትችልም። ቢሆንም ትውፊቱን ፈጽሞ መጣል ስሕተት ይሆናል፤ ምክንያቱም ሙያውን አስፋፍተው ወደ ሩቅ ገበያ ያደረሱት ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ናቸው። በ1855 እስከ ካን ድረስ የተከፈተው ባቡር ፎርማጆውን በፍጥነት ወደ ፓሪስ አደረሰው፤ በ1890 ገደማ የተገኘው የስስ እንጨት ሣጥን ደግሞ ሳይሰበር ባሕር አሻገረው።

በ1926 ጆሴፍ ክኒሪም የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ሆዱን የፈወሰው ይህ ፎርማጆ እንደ ሆነ ተናግሮ ማሪን ለማክበር ወደ ቪሙቲዬ መጣ። በዚህ የተነሣሡት የአገሩ ሰዎች በ1928 ሐውልት አቆሙላት። በ1944 ግን የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከተማይቱን ሲደበድቡ የሐውልቱ ራስ ተቈረጠ። በ1953 አዲስ ሐውልት የሰጡት በአሜሪካ በኦሃዮ የሚገኝ የፎርማጆ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው።

ሌላው ጠብ በስም ላይ የተነሣው ነው። «የኖርማንዲ ካማምቤር» የሚለው ስም ከ1983 ጀምሮ ባልተፈላ ወተት ለሚሠራው ብቻ በሕግ ተጠብቋል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ግን በተሞቀ ወተት እየሠሩ «በኖርማንዲ የተሠራ ካማምቤር» ብለው ይጽፉ ነበር። የሰዋስው መምህር ብቻ የሚከራከርበት የሚመስለው የ«የ» እና የ«በ» ልዩነት የብዙ ገበሬ እንጀራ ሆነ። በ2018 ሁለቱን ወገኖች በአንድ ስም ለማስታረቅ ስምምነት ተደርጎ ነበር፤ በ2020 ግን አምራቾቹ ሳይቀበሉት ቀሩ፤ በጥሬ ወተት የሚሠሩትም ጭልፋቸውን እንደ ያዙ ሥራቸውን ቀጠሉ።