ጎንደርን በእግር ስናያት

በዐፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት፣ በ1628 ዓ.ም. ገደማ የተቆረቆረችው ጎንደር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የነገሥታት መናገሻ ነበረች። ነገር ግን ግንቡን ማየት ብቻ ታሪኩን ማወቅ አይደለም። ታሪክ ዐዋቂ በእግር እያዞረ ሲያስረዳን፣ የፋሲል ግንብ፣ የዐፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የዐፄ ኢያሱና የእቴጌ ምንትዋብ ግንቦች በአንድ ቅጥር ውስጥ የቆሙበትን ምክንያት ተረዳን፤ ተከታዩ የቀዳሚውን ሳያፈርስ በጎኑ የራሱን ይጨምር ነበርና።

በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ከተማይቱን ሲያቃጥሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጠፉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ተረፈች፤ ንቦች እንደ ተከላከሉላት ይተረካል። በጣራዋ የተሣሉት መላእክት ዛሬም ቁልቁል ይመለከቱናል።

የጠፋውን መመለስ አንችልም፤ የተረፈውን ዐውቆ መጠበቅ ግን የእኛ የተማሪዎች ዕዳ ነው።