ስልቻ ውስጥ ያሉ ስምንት ክሮች

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ «የቅዱስ እንጦንስ እሳት» የሚባል በሽታ ነበር፤ ስሙ የተወሰደው እኛ አባ እንጦንስ ከምንላቸው ግብጻዊ መነኩሴ ነው። እግርና እጅ ይለበልባል፣ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ከመገጣጠሚያው ይወድቃል።

መንስኤው ዳቦው ውስጥ ነበር። ራይ የሚባለው የብርድ አገር እህል፣ አበባው በዝናብና በብርድ ከሰነበተ፣ በዛላው ላይ ጥቁርና ጠማማ ነገር ያወጣል። ፈረንሳዮች በአውራ ዶሮ እግር ላይ ካለው ሹል ጥፍር ጋር አመሳስለው «ኤርጎ» አሉት። ዶዳር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1676 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ጥፋተኛው ይኸው ነው ብሎ አሳወቀ።

ምንነቱ ግን አልታወቀም። የታመመ የእህል ፍሬ ነው ያሉ ብዙ ናቸው። ደ ካንዶል በ1815 ፈንገስ ነው ብሎ ስም አወጣለት። ሌቬዬ ደግሞ በ1827 አበባው ላይ የሚያጣብቅ ጣፋጭ ፈሳሽ የሚያመጣውን ለብቻው ሌላ ፈንገስ አድርጎ ሰየመው።

ነገሩን የፈታው ሉዊ ረኔ ቱላን ነው። መጀመሪያ የተማረው ሕግ ነበር፤ ሥዕሎቹን የሚሠራለት ወንድሙ ሻርል ግን ሐኪም ነው። ቱላን ጥቁሮቹን ፍሬዎች እርጥብ አፈር ላይ አቆይቶ ሲጠብቅ፣ የከበሮ መምቻ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀንበጦች በቀሉባቸው። ክቡን ራስ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲያየው በውስጡ የተቀበሩ ጓዳዎች አገኘ። በጓዳዎቹ ውስጥ ረጃጅም ከረጢቶች፣ በእያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ ደግሞ ክር የመሰሉ ስምንት ስፖሮች ነበሩ።

ወገኑን የሚለየው ይህ ከረጢት ነው። አስኮማይሴት የሚለው ስም የመጣው «ስልቻ» ከሚል የግሪክ ቃል ነው። በውጭ ሲታዩ አንዱ ጽዋ፣ አንዱ ጥቁር ነጥብ፣ ሌላው ዱላ ይመስላል፤ ዝምድናቸው የሚገኘው ስልቻውን ከፍቶ የስፖሩን ቅርጽና ቁጥር በማየት ነው። ስለዚህ በሌቬዬ ስህተት አልፈርድም፤ እሱ ያየው ዘመዱን የማይመስል ልጅ ነበር። ቱላን በ1853 ባሳተመው ጥናት ፈሳሹ፣ ጥቁሩ ፍሬና ቀንበጡ የአንድ ፈንገስ ሦስት ዕድሜዎች መሆናቸውን አሳየ፤ ክላቪሴፕስ ፑርፑሪያ ብሎም ጠራው።

ይህ ለገበሬው ማሳው ድረስ የሚደርስ ዜና ነው። መሬት ላይ የወደቀው ፍሬ የበረዶውን ወራት አሳልፎ፣ እህሉ በሚያብብበት ሰሞን ስፖሩን በነፋስ ይልካል። እንግዲያው በጥልቅ ማረስና በቀጣዩ ዓመት ባቄላ የመሰለ ሌላ ሰብል መዝራት ያዳክመዋል። ዘሩንም ጨው በበዛበት ውሃ ሲነክሩት ጥቁሩ ተንሳፎ ይወጣል።

በ1970 ዓ.ም. ወሎ፣ ዋድላ ደላንታ ላይ የብዙ ሰው እግር ሲጠቁር ይህ ሁሉ ከታወቀ መቶ ዓመት አልፎት ነበር። ፈንገሱ ያረፈው ከገብሱ ጋር በሚበቅለው ስናር ላይ ነው። ስናር ደግሞ ከገብስ ጋር አብሮ ይታጨዳል፣ አብሮ ይወቃል፣ አብሮ ይፈጫል፤ በችግር ዓመት ከእህሉ ለይቶ የሚጥለውስ ማን ነው? በ1993 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ ይኸው በሽታ እንደገና ታየ፤ ያኔም የመጣው ከገብስ ጋር ነበር።