ቅጂውና እንጀራው፦ የኢትዮጵያ ሙዚቀኛ ከምን ኖረ? ከምንስ ይኑር?

(በመቐለ ከተማ፣ ዓይደር፣ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር። ከድምፅ ተገልብጦ መጠነኛ አርትዖት ተደርጎበታል።)



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው። አንድ ዘፈን ከስልክ ወደ ስልክ በጥቂት ሰከንዶች፣ ያለ አንዳች ወጪ በሚሻገርበት ዘመን፣ ዘፈኑን የፈጠሩት ሰዎች ከምን ይኑሩ? በዚህ ጉዳይ ሁለት መልሶች ሲደጋገሙ እንሰማለን። የመጀመሪያው «ያለ ፈቃድ መቅዳት ስርቆት ነው፤ ሌባም ይቀጣ» ይላል። ሁለተኛው «ዘፈን ሲሰራጭ ዝና ያመጣል፤ ዝና መድረክ ያመጣል፤ ሙዚቀኛ ከመድረክ ይብላ» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ነገር ግን ሁለቱም የሚያስቡት ስለ ድምፃዊው ብቻ ነው። ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰው፣ ሙዚቃውን ያቀናበረውና መሣሪያውን የተጫወተው ሰው በክርክሩ ውስጥ ቦታ የለውም። ታሪካችንን ወደ ኋላ ሄደን ብንመረምር የችግሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ መሆኑን እንረዳለን።

አንድ ግንባር

በደጋው ኢትዮጵያ ለብዙ ዘመናት ሙዚቃን መተዳደሪያው ያደረገው ሰው አዝማሪ ነበር፤ በትግራይ ዋጣ ይባላል። መሰንቆውን ይዞ ከሠርግ ወደ መኳንንት ግቢ፣ ከግብር አዳራሽ ወደ ጠጅ ቤት ይዘዋወራል። ግጥሙን እዚያው ይፈጥራል፣ ዜማውን ያወርዳል፣ መሰንቆውን ይገዘግዛል፣ በራሱ ድምፅ ይዘፍናል። ደስ የተሰኘ ሰው ገንዘቡን በግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ አንዳንዴም ልብስ ይሸለማል።

በዚህ ሥርዓት ለዘፈኑ የከፈለ ሰው አልነበረም፤ የሚከፈለው አዝማሪው በቦታው ተገኝቶ ለሰጠው ጊዜ ነበር። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን ወይም አንቺ ሆዬን «የእኔ ነው» ብሎ የሚከለክል አልነበረም። የግጥሙም ባለቤትነት ቢሆን ቁርጥ ያለ አልነበረም፤ ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ ሲወረውር አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመው ነበርና። ያም ሆኖ ገንዘቡ መንገድ አይስትም ነበር። ገጣሚውም፣ ዜመኛውም፣ ተጫዋቹም፣ ድምፃዊውም አንድ ሰው ስለ ነበሩ ለሁሉም የሚበቃው አንድ ግንባር ነበር።

ይህን ስል ያለፈውን ዘመን ለማሞገስ አይደለም። አዝማሪ የሚለው ስም እንደ ስድብ የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር፤ የባለሙያው ኑሮም በሰጪው ስሜት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ግን ሥራውና ክፍያው በአንድ ሰው ላይ ተገናኝተው የነበሩ መሆናቸው ነው።

ደመወዝና የሥራ ክፍፍል

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሙዚቀኛው ቀስ በቀስ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወጣቶች፣ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንድያን ጋር ለዘመናዊው የማርሽ ባንድ መሠረት ጣሉ። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር የሙዚቃ ክፍሎች ተጠናከሩ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ተከፈተ።

በእነዚህ ተቋማት ውስጥ አዝማሪው በአንድነት ይሠራው የነበረው ሥራ ተከፋፈለ። ገጣሚ፣ የዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪ፣ ተጫዋችና ድምፃዊ የየራሳቸው ሙያ ሆኑ። ሆኖም ሁሉም ከአንድ ቋት ደመወዝ ያገኙ ስለ ነበር ክፍፍሉ ማንንም ጦም አላሳደረም። ዋጋው ሌላ ነበር፦ መሣሪያውም፣ ዘፈኑም፣ አንዳንዴም ሰውየው ራሱ የተቋሙ ነበር። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ጥላሁን ገሠሠ የታሰረው የክብር ዘበኛ ባልደረባ በመሆኑ እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል።

ሸክላና ካሴት

ድምፅን በሸክላ ማስቀረት ለኢትዮጵያውያን ቀደም ብሎ የታወቀ ነገር ነው፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በጀርመን ሀገር ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ሸክላ የንግድ ሥራ እንዲሆን ግን ብዙ ዓመታት አለፉ። በ1940 ዓ.ም. የወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት ብቸኛ መብት ለሀገር ፍቅር ሰጥቶ ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ክልከላ ደፍሮ የራሱን አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ። ሸክላዎቹን በመጀመሪያ በህንድ፣ ኋላም በሊባኖስ እያሳተመ በ6 ዓመታት ገደማ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን ለገበያ አበቃ። ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ሀገር ጥሎ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ዘመኑ የካሴት ሆነ። ሸክላ ለማተም ፋብሪካ ያስፈልግ ነበር፤ ካሴት ግን ሁለት ቴፕ ላለው ሰው ሁሉ ፋብሪካ ሰጠው። ባዶ ካሴት ይዞ ሙዚቃ ቤት ሄዶ የወደዱትን ዘፈን ማስቀዳት የተለመደ ነገር ነበር። ዛሬ በስልክ የምናደርገውን አባቶቻችንና እናቶቻችን በዚያ ዘመን በቴፕ አድርገውታል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። በካሴት ዘመን የተለመደው ውል የአንድ ጊዜ ክፍያ ነበር። አሳታሚው ለድምፃዊው፣ ለገጣሚውና ለባንዱ ቁርጥ ዋጋ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ካሴቱ ሺህ ይሸጥ መቶ ሺህ ለገጣሚው ልዩነት የለውም። ስለዚህ «ኢንተርኔት የሙዚቀኛውን ገቢ ወሰደው» ስንል፣ አብዛኞቹ ባለሙያዎች ከቅጂ ሽያጭ ድርሻ ያገኙበት ወርቃማ ዘመን እንዳልነበረ ልብ ማለት ይገባል። ሕገ ወጥ ቅጂ ቀድሞ የመታው አሳታሚውን ነው። አሳታሚው ሲጎዳ የሚከፍለውን ቁርጥ ዋጋ ቀነሰ፤ ጉዳቱ ወደ ገጣሚውና ወደ አቀናባሪው የወረደው በዚህ መንገድ ነው።

የቅጂ ዋጋ ደግሞ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ የታተመው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ የቀድሞዎቹን ሸክላዎች ለዓለም አሰማ። በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ተጠቀመ፤ በ2010 ናስና ዳሚያን ማርሊ ከሙላቱ ሥራ ቆርጠው የራሳቸውን ዘፈን ሠሩበት። ከ30 ዓመት በላይ የቆየ ሥራ እንዲህ ድንገት ገንዘብ ሲያወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ውሉ ማን እጅ ነው?» የሚለው ይሆናል። ቁርጥ ዋጋ ተቀብሎ የተሸኘ ገጣሚ በዚያ ጥያቄ ፊት የሚያሳየው ወረቀት አይኖረውም።

ሁለት መንገዶች በአንድ ቋንቋ

የትግርኛ ሙዚቃ ታሪክ ይህን ጉዳይ በተለየ ግልጽነት ያሳየናል። በ1970ዎቹ ኪሮስ ዓለማየሁ ሥራዎቹን በካሴት ለገበያ እያቀረበ ትግርኛ ለማያውቅ አድማጭ ጭምር የትግርኛን ዘፈን አስወደደ። በዚያው ዘመን በበረሃ የነበሩት ታጋይ ሙዚቀኞች፣ እንደ እያሱ በርሀ ያሉት፣ ደመወዝ አልነበራቸውም፤ ዘፈናቸውም የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም። ለእነርሱ ካሴቱ በብዛት መቀዳቱና ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ ራሱ ዓላማው ነበር። የሚበሉትን ድርጅታቸውና ሕዝቡ ይሸፍን ነበርና።

ከዚህ የምንማረው፣ ዘፈንን በነጻ ማሰራጨት በራሱ ሙዚቀኛን እንደማያስርብ ነው። የሚያስርበው ከሥርጭቱ ጀርባ ኑሮውን የሚሸፍን ሌላ ቋት ሲጠፋ ነው። አዝማሪው የሰጪው እጅ፣ የክብር ዘበኛው ባለሙያ ደመወዝ፣ ታጋዩም ድርጅቱ ነበራቸው። የዛሬው ገጣሚ ቋት የቱ ነው?

ሕጉና ስልኩ

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 እስከ 1674 ስለ ሥነ ጽሑፍና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይደነግጋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል። አስቦ ለሚጥሰው ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ደንግጓል። በማሻሻያው፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007፣ ደግሞ የሮያሊቲ ክፍያን የሚሰበስቡ የጋራ አስተዳደር ማኅበራት የሚቋቋሙበት መንገድ ተከፍቷል።

ነገር ግን ጽኑ እስራት ለገጣሚው እንጀራ አይሆንም። ዘፈን በፍላሽ የተቀባበሉ ወጣቶችን ሁሉ ማሰር የሚችል መንግሥት የለም፤ ቢያስርም ከእስሩ ሳንቲም አይወጣም። በአሜሪካ ናፕስተር የተባለው የፋይል መለዋወጫ በ1999 ተጀምሮ በ2001 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲዘጋ መለዋወጡ አልቆመም፤ መንገዱን ብቻ ቀየረ። በእኛም ሀገር ካሴቱ በኤምፒስሪ ዲስክ፣ ዲስኩ በሚሞሪ ካርድ ተተካ፤ በየመንደሩ በጥቂት ብር ዘፈን የሚጭኑ የሞባይል ሱቆች ተከፈቱ።

በ2011 ዓ.ም. «አውታር» የተባለው የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ሥራ ሲጀምር ከመሥራቾቹ አንዱ ኤልያስ መልካ ነበር። ኤልያስ በዋነኛነት የሚታወቀው በአቀናባሪነቱ መሆኑ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ድምፃዊ ካሴት ባይሸጥለት ሠርግ ላይ ይዘፍናል፤ አቀናባሪ ግን ኮንሰርት ተብሎ አይጠራም። ቅጂው ሲሞት ቀድሞ የሚሞተው የእርሱ ገቢ ነው።

የዲጂታል ገበያ መፍትሔ ቢሆንም ብቻውን እንደማይበቃ ይህች ከተማ ታውቃለች። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. በኋላ በነበረው የጦርነት ጊዜ በትግራይ ስልክ፣ ኢንተርኔትና ባንክ ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው ነበር። በሕጋዊ መተግበሪያ ዘፈን ለመግዛት ደግሞ ሦስቱም ያስፈልጋሉ። እነዚህ በሌሉበት ዘፈን የሚሻገርበት መንገድ ከእጅ ወደ እጅ መቀባበል ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚቀባበለውን ሰው ሌባ ብሎ መጥራት ፍትሕ አይደለም፤ የሙዚቀኛውን ኑሮ ሙሉ በሙሉ በመተግበሪያ ላይ መጣልም ጥበብ አይደለም።

ማን ይክፈል?

እ.ኤ.አ. በ1847 ኧርነስት ቡርዤ የተባለ የዘፈን ደራሲ በፓሪስ አንድ ካፌ ተቀምጦ የራሱ ዘፈን ሲዘፈን ሰማ። ሒሳብ ሲጠየቅ «እናንተ ለዘፈኔ ሳትከፍሉ እኔ ለመጠጣችሁ አልከፍልም» ሲል ተከራከረ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ተፈረደለት፤ በ1851ም የዘፈን ደራስያንን ክፍያ የሚሰበስበው ሳሴም የተባለው ማኅበር ተመሠረተ። ቡርዤ የከሰሰው ዘፈኑን እያንጎራጎረ መንገድ የሚሄደውን ሰው አልነበረም፤ በዘፈኑ ደንበኛ የሚስበውን ነጋዴ ነበር።

ለእኛም መነሻው ይህ ይመስለኛል። ጥያቄውን ከተማሪው ፍላሽ ላይ አንሥተን በሙዚቃ ወደሚነግዱት እናዙረው፦ ሆቴሎች፣ መጠጥ ቤቶች፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ የጥሪ ማሳመሪያ የሚሸጡ ቴሌኮሞች፣ ዘፈን በዋጋ የሚጭኑ ሱቆች። ከእነዚህ የሚሰበሰበው ክፍያ ለገጣሚውና ለአቀናባሪው የጠፋውን ቋት ሊተካለት ይችላል። በተጨማሪም ጀርመን በ1965 በመቅረጫ መሣሪያዎች ላይ እንዳደረገችው፣ ከውጭ በሚገባ ፍላሽና ስልክ ላይ ትንሽ ክፍያ መጣል ሊታሰብ ይችላል። ይህኛው ጉዳትም አለው፤ ዘፈን የማይሰማውም ተማሪ ይከፍላልና። ስለዚህ በሁለተኛ ደረጃ የሚታይ ነው እላለሁ።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ልጨምር። የመጀመሪያው፣ ክፍያው እንደ አቅም መሆን አለበት፤ ከጦርነት ያገገመች ጠባብ ጠላ ቤትና ባለ ብዙ ፎቅ ሆቴል እኩል ሊጠየቁ አይገባም። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። የተሰበሰበው ገንዘብ የሚከፋፈለው በአዲስ አበባ ጣቢያዎች በሚሰማው ዘፈን ልክ ብቻ ከሆነ፣ በመቐለ፣ በጎንደር ወይም በጂንካ ሌሊቱን ሙሉ የሚሰማው ዘፈን ለደራሲው ምንም አያመጣም። የትኛው ዘፈን የት እንደ ተሰማ የሚመዘግብ፣ ሒሳቡ በይፋ የሚመረመር፣ በየክልሉ ጆሮ ያለው ማኅበር ከሌለ አዲሱ ቋት የጥቂቶች ይሆናል።

ለሙዚቀኞችም የምለው አለኝ። ከእንግዲህ ቁርጥ ዋጋ ተቀብሎ ያለ ጽሑፍ ውል መለያየት ይቅር። የገጣሚው፣ የዜማ ደራሲው፣ የአቀናባሪውና የተጫዋቾቹ ስምና ድርሻ በውሉም፣ ከዘፈኑ ፋይል ጋርም አብሮ ይጻፍ። ስሙ ያልተጻፈ ሰው ሮያሊቲ ሊደርሰው አይችልም።

እናንተ ተማሪዎች ይህን ግቢ ለቃችሁ ስትወጡ፣ ብዙዎቻችሁ የተማራችሁት በፎቶ ኮፒና በፋይል በተቀባበላችሁት መጽሐፍ እንደሆነ ታውቃላችሁ። መቀባበሉ ዕውቀትን አድርሶላችኋል፤ የጻፈውም ሰው መኖር ነበረበት። ሁለቱን እውነቶች አብሮ መያዝ ይቻላል። አንድ አድማጭ ዘፈን ከጓደኛው ቢቀበል ታሪካችን ያለ ብዙ ችግር ይሸከመዋል። በዚያው ዘፈን ትርፍ የሚያጋብስ ነጋዴ ለደራሲው ሳይከፍል የሚኖርበትን ሥርዓት ግን ከእንግዲህ መሸከም የለብንም።

 ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።