ስለ ሠዓልያት ሴቶችና በሥዕል ስለሚነገር የሕይወት ታሪክ

በግዕዝ ሰዋስው «ሠዐለ» ከሚለው ግሥ ለወንዱ «ሠዓሊ»፥ ለሴቲቱ «ሠዓሊት» የሚል ስም ይወጣል፤ ሴቶቹም ብዙዎች ሲሆኑ «ሠዓልያት» ይባላሉ። እንግዲህ ቋንቋው ሥዕል ለምትሥል ሴት የሚገባትን ስም አስቀድሞ አዘጋጅቶ ይዟል ማለት ነው። ነገር ግን የብራና መጻሕፍትንና የአብያተ ክርስቲያናትን ግድግዳ የመረመረ ሰው «ሠዓሊ እገሌ» የሚለውን አልፎ አልፎ ሲያገኝ፥ «ሠዓሊት እገሊት» የሚለውን ለማግኘት እጅግ ይቸገራል።

ይህ ነገር በዛሬው ዘመን እንደ ገና የሚነሣው አንድ ዓይነት መጽሐፍ በዓለም ላይ እየበዛ በመምጣቱ ነው። ይኸውም ደራሲው የራሱን ወይም የቤተ ሰቡን ኑሮ በቃል ብቻ ሳይሆን በተከታታይ ሥዕል፥ ከሥዕሉም ጋራ በአጭር ጽሕፈት የሚናገርበት መጽሐፍ ነው። በውጭ አገር ይህን መጽሐፍ የልጆች መጫወቻ ነው እያሉ ሊቃውንቱ ለረጅም ጊዜ አቃልለውት ኖረዋል፤ ሠሪዋ ሴት በሆነች ጊዜ ደግሞ ማቃለሉ ዕጥፍ ይሆን ነበር።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ታሪክን በሥዕል ተራ በተራ ማንበብ እንግዳ ነገር አይደለም። የንግሥት ማክዳና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በሸራ ላይ ሲሣል ብዙ ጊዜ በ44 ትንንሽ ክፍል ይከፈላል፤ ከዘንዶው መገደል ጀምሮ እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ድረስም በረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። በየክፍሉም አጭር ቃል ይጻፍበታልና ፊደል የማያውቀው ሥዕሉን ተከትሎ፥ የሚያውቀው ጽሕፈቱን ጨምሮ ይረዳዋል። ደግሞ ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ መቂን አልፎ ባቱ ሲደርስ የዝዋይን ሐይቅ ያገኛል። በሐይቁ ደሴቶች የሚኖሩት የዛይ ሰዎች በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ በዚያ ተጠብቃ ነበር ብለው ከአባቶቻቸው የተቀበሉትን ይተርካሉ፤ በቱሉ ጉዶ ባለችው በደብረ ጽዮን ማርያምም በሥዕል ያጌጡ የቆዩ የብራና መጻሕፍት ሲጠበቁ ኖረዋል። ስለዚህ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሰው በሥዕል የተነገረ ታሪክ ለማየት ባሕር መሻገር አያሻውም።

ከገድላቱ ሁሉ ለያዝነው ነገር ይበልጥ የሚቀርበው የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገድል ነው። እርሷ በ1592 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ተወልዳ በ1642 ያረፈች፥ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበለ ጊዜ የንጉሡ ባለሥልጣን የነበረውን ባሏን መልክዐ ክርስቶስን ትታ የመነነች፥ ተይዛም የተሰደደች፥ በስደቷም ማኅበራትን የመሠረተች እናት ናት። ገድሏን በ1672 የጻፈው ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ ነው፤ የጻፈውም ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ እርሷን ያወቁ ሰዎች፥ ይልቁንም በማኅበሯ የኖሩ ሴቶች መነኮሳይያት የነገሩትን ሰብስቦ ነው። በገድሉ ውስጥም ተአምራቱ ብቻ አይደሉም፤ ሕመሙና ረኃቡ፥ በመነኮሳይያቱ መካከል የተነሣው ጠብ እንኳ ሳይቀር ተነግሯል። በኋላም መጽሐፉ ሲገለበጥ ከቅጂዎቹ አንዳንዶቹ የኑሮዋን ነገር በተራ በሚያሳዩ ሥዕሎች ተሞሉ። እንግሊዝኛው ትርጓሜ በዌንዲ ቤልቸርና በሚካኤል ክላይነር እጅ በ2015 ከፕሪንስተን በወጣ ጊዜ፥ የውጭ አንባቢዎች አንዲት አፍሪካዊት ሴት ከ300 ዓመት በፊት ይህን ያህል ተጽፎላት መገኘቱን አደነቁ። ሊደነቅ የሚገባው ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ የዛሬው ዘመን በሥዕላዊ ማስታወሻ የሚያመሰግነው የቤት ውስጥን ነገር ሳይሸፍኑ መናገር በሴቶቹ መነኮሳይያት አፍ አስቀድሞ ተሠርቶ ነበርና። አፉ የሴቶች፥ ብዕሩ የወንድ ነበረ።

የሠዓሊን ስም መጻፍ ከንቱ ውዳሴ የሚመስለው ሰው ቢኖር የፍሬ ጽዮንን ነገር ይመልከት። በጣና በዳጋ እስጢፋኖስ ባለው የእመቤታችን ሥዕል ላይ በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን ፍሬ ጽዮን እንደ ሣለው ተጽፎ ተገኘ። በዚያች አጭር ጽሕፈት መሪነት ተመራማሪዎች በእጁ አሠራር የሚመስሉትን ሌሎች ሥዕሎች ለይተው ለእርሱና ለተከታዮቹ ሰጡ። ጽሕፈቷ ባትኖር ፍሬ ጽዮን ከስም አልባዎቹ አንዱ ሆኖ በቀረ ነበር። እቴጌ ምንትዋብም በ18ኛው ምእት ዓመት ባሠራችው በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በእመቤታችን እግር ሥር ሰግዳ ተሥላ ትታያለች፤ ዳሩ ግን ያሣለች እንጂ የሣለች አይደለችም።

በቅኔ ቤት እንኳ ነገሩ እንዲህ አልቀረም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ዓይነ ስውር ሳሉ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው መምህር ሆኑ፤ ወንዶች ደቀ መዛሙርትም ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተማሩ። ቅኔ በጉባኤ ፊት ይሰማል፥ ሰሙና ወርቁ ይመረመራል፥ ያማረውን ጉባኤው በአፉ ይመሰክርለታል። ለሥዕል እንዲህ ያለ ጉባኤ አልተዘረጋለትም።

በውጭ አገርም ጉባኤው የተዘረጋው ዘግይቶ ነው። ማርጃን ሳትራፒ የምትባል የፋርስ ተወላጅ በቴህራን ያሳለፈችውን ልጅነት፥ የ1979ን አብዮትና ከኢራቅ ጋራ የተደረገውን ጦርነት «ፐርሴፖሊስ» ብላ በጥቁርና በነጭ ብቻ ሥላ ከ2000 እስከ 2003 በፈረንሳይ በ4 ክፍል አሳተመች። ቀለም መተዋ ድህነት አይደለም፤ ጥቁር የለበሱ ሴቶች በጥቁር ሜዳ ላይ ሲቆሙ ፊታቸው ብቻ ቀርቶ ይናገራል። ሆኖም በዚያው በፈረንሳይ በአንጉሌም ከተማ በየዓመቱ በሚደረገው የሥዕላዊ መጻሕፍት በዓል ለ2016 ታላቅ ሽልማት 30 ስሞች ሲቀርቡ አንዲት ሴት እንኳ አልተገኘችባቸውም። የበዓሉ ሹማምንት በሙያው ታሪክ ሴቶች ጥቂቶች ናቸው ብለው መከራከራቸው ቍጣውን አባሰው፤ ከታጩት ወንዶች ብዙዎቹ ስማችን ይውጣ አሉ፥ በመጨረሻም ዝርዝሩ ተሻረ። በአሜሪካም አርት ስፒግልማን አይሁዳዊ አባቱ ያየውን መከራ በሥዕል ጽፎ የፑሊትዘርን ልዩ ሽልማት በ1992 ሲቀበል፥ ቴሳ ኸልስ የአያቷን፥ የእናቷንና የራሷን ኑሮ በአንድ መጽሐፍ ሥላ ያንኑ ሽልማት በማስታወሻ ዘርፍ ያገኘችው በ2025 ነው። በመካከሉ 33 ዓመት አለ።

በአገራችን ሠዓሊት ደስታ ሐጎስ በ1960ዎቹ ዓመታት የሥዕል ትርኢት ብቻቸውን በማሳየት ከሴቶች ቀዳሚ ተብለው ይጠቀሳሉ። በተከታታይ ሥዕል ግን ነገሩ ገና ነው። «ሃዊ» የምትባለው ባለ ልዩ ኃይል ኢትዮጵያዊት ልጃገረድ ስሟ ከኦሮምኛ የተወሰደ፥ በአዳማና በቢሾፍቱ ቤቶች የተለመደ ስም ነው፤ ታሪኳን የጻፈው ግን ወንድ ደራሲ ነው። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ፊልም ከባለቤታቸው ጋራ ጀምረው በ2008 የጃፓንን ሽልማት፥ በ2010 የሮሌክስን ሽልማት አግኝተዋል፤ ከዚያም ያለ ዕድሜ ጋብቻንና የመሳሰለውን ጎጂ ልማድ የሚቋቋሙ ልጃገረዶችን ታሪክ «ጥበብ ገርልስ» በሚል ስም በሥዕል አወጡ። እነዚህ ሽልማቶች ክቡራን ናቸው። ነገር ግን የጃፓኑ ሽልማት ለትምህርት ዝግጅት፥ የሮሌክሱም ለሕዝብ ለሚጠቅም ሥራ የሚሰጥ ነው። ሥራው ስለ ጠቃሚነቱ ተመሰገነ፤ ልጅቱ ስትፈራ ትከሻዋ እንዴት እንደ ተሣለ፥ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሁለተኛው ሲታለፍ ምን እንደ ተተወ፥ ቃሉ የማይናገረውን መስመሩ ተናግሮ እንደ ሆነ የሚመረምር ሐያሲ ግን ገና ጥቂት ነው። የቅኔ መምህር ደቀ መዝሙሩን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ወርቁ የት ገባ ይለዋል እንጂ፥ ቅኔህ ለሕዝብ ይጠቅማል ብሎ አያሰናብተውም።