ወለል የሆነው የወፍጮ ድንጋይ

ተሟግቶ መርታት አንድ ነገር ነው፤ የረቱትን ሰው ማዋረድ ግን ሌላ ነገር ነው። የሁለቱን ልዩነት የሚያስረዳ ታሪክ ስፈልግ፣ በእንግሊዝ አገር ካለችው ከሴንት ኦልባንስ ከተማ ታሪክ የሚሻል አላገኘሁም። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ይህች ከተማ ከሎንዶን በስተ ሰሜን ምዕራብ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ስሟን ያገኘችው በሮማውያን ዘመን ስለ ክርስትና ከተገደለው ከሰማዕቱ ከኦልባን ነው። በስሙ የተተከለው ገዳም እጅግ ባለጸጋ ስለ ነበረ፣ ከተማይቱና በዙሪያዋ ያለው መሬት፣ ቀድሞ በአገራችን ጉልት ይባል እንደ ነበረው፣ የገዳሙ ይዞታ ነበረ። ስለዚህ አበምኔቱ የመነኮሳት አባት ብቻ ሳይሆን የሕዝቡ ጌታም ዳኛም ነበረ።

የከተማው ሰው እህሉን በቤቱ መፍጨት አይፈቀድለትም። ወደ አበምኔቱ ወፍጮ ወስዶ፣ ዋጋ ከፍሎ ማስፈጨት ግዴታው ነበረ። ይህ የመረረው ሁሉ በየጓዳው የእጅ ወፍጮ ተከለ። ክርክሩ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ በ1327 ሕዝቡ ገዳሙን ከበበና መብቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ አገኘ።

በዚያው ዓመት የዋሊንግፎርዱ ሪቻርድ አበምኔት ሆኖ ተመረጠ። ይህ ሰው የሚናቅ ሰው አልነበረም። የአንጥረኛ ልጅ ሲሆን፣ አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት ያሳደጉት መነኮሳት ናቸው። በኦክስፎርድ ተምሮ የታወቀ የሒሳብና የከዋክብት ሊቅ ሆነ። በሥጋ ደዌ እየተሠቃየ እንኳ የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ የሚያሳይ ታላቅ ሰዓት ለገዳሙ አሠራ።

ሪቻርድ ሙግቱን ረታ። የመብቱን ደብዳቤ አስመለሰ፤ የእጅ ወፍጮዎቹንም ከየቤቱ አስለቀመ። እስከዚህ ድረስ የሕግ ነገር ነው እንበል። ነገር ግን ድንጋዮቹን የገዳሙ እንግዳ መቀበያ ክፍል ወለል አድርጎ አነጠፋቸው። ከዚያ በኋላ ለጉዳይ የገባ የከተማ ሰው ሁሉ የእናቱን ወፍጮ ረግጦ ያልፍ ነበር። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ የአንጥረኛ ልጅ የድኻን ጓዳ መርሳቱ ነው።

ሪቻርድ በ1336 ሞተ፤ ድንጋዮቹ ግን በቦታቸው ቀሩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በ1381 የእንግሊዝ ገበሬዎች በግብርና በጌቶቻቸው ላይ ሲነሡ፣ የሴንት ኦልባንስ ሰዎችም በዊልያም ግሪንድኮብ መሪነት ወደ ገዳሙ ገቡ። እስረኞቹን ፈቱ፤ ከነዚያም አንዱን ራሳቸው ፈርደው አንገቱን ቈረጡት። ግፍ ግፍን እንዲህ ይወልዳል። ከዚያም ያን ወለል ነቅለው ድንጋዮቹን ሰባበሩ፤ ስባሪውንም በእሑድ ቀን መክፈልት እንደሚታደል ለየሰዉ አደሉት። ይህን የጻፈልን የገዳሙ መነኩሴ ቶማስ ዎልሲንግሃም ነው። ዐመፀኞቹን አጥብቆ ይጠላ ስለ ነበረ፣ ሊያሞግሳቸው ብሎ ጻፈ አይባልም።

የ14 ዓመቱ ንጉሥ ዳግማዊ ሪቻርድ አስቀድሞ የሰጠውን የነጻነት ደብዳቤ ወዲያው ሻረ። ግሪንድኮብ ተያዘ። ሕዝቡ ደብዳቤዎቹን እንዲመልስ ቢያግባባ ሕይወቱን ሊያተርፍ ይችል ነበር። እርሱ ግን ስለ እኔ ብላችሁ መብታችሁን አትተዉ ብሎ መከራቸው፤ ተሰቀለም።

በ1539 ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ገዳሙን ዘጋው። በ1553 የከተማው ሰዎች የራሳቸውን አስተዳደር የሚፈቅድ የንጉሥ ደብዳቤ ተቀበሉ፤ ያን ትልቅ ቤተ ክርስቲያንም በ400 ፓውንድ ገዝተው የሰበካቸው አደረጉት። አያቶቻቸው የተዋረዱበትን ቦታ ሊያፈርሱት ሲችሉ ጸለዩበት። ከ1877 ወዲህም የጳጳስ መንበር ሆኖ ይኖራል።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ነገ ዳኛ ወይም ሹም ትሆን ይሆናል፤ ሕጉም ከአንተ ጋር የሚሆንበት ቀን ይመጣል። በዚያን ቀን የሚገባህን ውሰድ፤ የተረታውን ሰው ድንጋይ ግን ወለል አታድርገው። ሙግቱ ባንተ ዘመን ያልቃል፤ ውርደቱን ግን የልጅ ልጅ ይቈፍረዋል።