ከወይባ ጢስ እስከ ክሬም

ካራቆሬን ካናወጠው የ1953ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በፊት የተወለዱ እናቶቻችን ዛሬ ስልሳን አልፈዋል። ልጃገረድ ሳሉ መዋቢያቸው ቅቤ፣ እንሶስላና ኩል፣ ሲያገቡ ደግሞ የወይባ ጢስ ነበር። የቀድሞው ሁሉ ደህና ነበር ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ኩል መርዛማ እርሳስ አለበት።

ዛሬ «ማድያት ያጠፋል» የሚባል ክሬም መጥቷል። ከሚያቀሉት ክሬሞች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው። ሜርኩሪ የቆዳ ቀለም እንዳይመረት ስለሚከለክል ፊት ይቀላል፤ ወደ ደም ሲገባ ግን ኩላሊት ይጎዳል። አገሮች በ2006 ዓ.ም. በሚናማታ ስምምነት በኪሎ ከ1 ሚሊግራም በላይ ሜርኩሪ ያለው መዋቢያ ተመርቶ ከአገር አገር እንዳይገባ ተስማምተዋል።

እናቶች፣ በሃምሳም በስልሳም መዋብ ነውር አይደለም። እኔ በሂሳብ ሥራዬ ደረሰኝ የሌለውን ወጪ አልመዘግብም፤ እናንተም ይዘቱ ያልተጻፈበትን ክሬም አትቀቡ።