ከሕሙማን ክፍል ወደ ዲግሪ፤ የሠራተኛ ነርሶች የርቀት ትምህርት ታሪክ

ነርስነት ከዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ከደረሰ ገና ብዙ ዘመን አልሆነውም። ሕክምናና ሕግ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ወንበር ተሰጥቷቸው ሲኖሩ፣ ነርስነት ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በሆስፒታል ግቢ ውስጥ፣ በሥራ ላይ እየተለመደ የሚገኝ ሙያ ሆኖ ቆይቷል። በዛሬው ጊዜ አንዲት ነርስ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ፣ ቤቷ ገብታ፣ ከኮምፒዩተር ፊት ተቀምጣ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ስትከታተል ሲታይ፣ ነገሩ የቴክኒክ ዕድገት ያመጣው አዲስ ፈሊጥ ይመስላል። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን የዚህ ትምህርት ሥር ከኢንተርኔት በፊት አንድ መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል። መነሻውም የዕውቀት ጥማት ብቻ ሳይሆን አንድ ያልተከፈለ ዕዳ ነው። ይኸውም ሆስፒታሎች ከተማሪ ነርሶች ጉልበት ወስደው፣ በምትኩ የትምህርት ዓለም የማያውቀውን ወረቀት የሰጡበት ዕዳ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1860 ለንደን በሚገኘው በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶችን ትምህርት ቤት ስታቋቁም፣ ትምህርት ቤቱ ከሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ የሚተዳደር የራሱ ሒሳብ ነበረው። ይህን አርአያ በመከተል በ1873 በአሜሪካ ሦስት ትምህርት ቤቶች በኒውዮርክ፣ በኒውሄቨንና በቦስተን ተከፈቱ። ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤቶቹ ቁጥር በፍጥነት በዛ። የበዛበት ምክንያት ግን ለትምህርት ከነበረው ፍቅር ይልቅ የሆስፒታሎቹ ችግር ነበር። የራሱ ገንዘብ የሌለው ትምህርት ቤት በሆስፒታሉ እጅ ይወድቃል። ሆስፒታሉም ተማሪዋን እንደ ሠራተኛ ያሰማራታል። ተማሪዎቹ ቀኑን ሙሉ ሕሙማንን ሲያገላብጡ፣ አልጋ ሲያነጥፉና ዕቃ ሲቀቅሉ ውለው፣ ትምህርቱን የሚሰሙት በምሽት፣ ዓይናቸው እንቅልፍ እየተሸከመ ነበር። ሥልጠናው ሲያልቅ ደግሞ ሆስፒታሉ በምሩቃኑ ፋንታ አዲስ ተማሪዎችን ይቀበላል፤ ምሩቋም ዲፕሎማዋን ይዛ በየሀብታሙ ቤት የግል አስታማሚነት ትፈልጋለች። ትምህርት ከሥራ ጋር ተጣብቆ የኖረበትን ልማድ ያጠና ሰው፣ የዛሬዋ ነርስ ሥራዋን ሳትለቅ ለመማር መገደዷ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ከዚህ ወጥመድ ለመውጣት የመጀመሪያው መንገድ የተቀደደው በ1899 ነው። በዚያ ዓመት በኒውዮርክ የሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ፣ አስቀድመው የተመረቁ ነርሶች የሆስፒታል አስተዳደር የሚማሩበትን ኮርስ ከፈተ። በ1907 ሜሪ አዴሌይድ ነቲንግ የዚሁ ኮሌጅ መምህርት ስትሆን በዓለም የመጀመሪያዋ የነርስነት ፕሮፌሰር ተባለች። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገቡት የመጀመሪያዎቹ ነርሶች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ የመጡ ወጣቶች ሳይሆኑ፣ በሥራ የበሰሉና ኃላፊነት የተሸከሙ ሴቶች መሆናቸው ነው። በ1923 በሮክፌለር ድርጅት ገንዘብ የተጠናው የጎልድማርክ ሪፖርት የሆስፒታሎቹን አሠራር በግልጽ ነቀፈ። በዚያው ዓመት የዬል ዩኒቨርሲቲ በአኒ ጉድሪች መሪነት የነርሶችን ትምህርት ቤት አቋቋመ። ሪፖርቱ ቢመሰገንም፣ ሆስፒታሎቹ ያለ ዋጋ የሚያገኙትን ጉልበት በፈቃዳቸው ሊተዉት አልቻሉም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያልታሰበ በር ከፈተ። በ1944 ለጦር ሜዳ ተመላሾች የወጣው ሕግ የትምህርት ክፍያ ስለሚሸፍን፣ በሠራዊቱ ውስጥ ያገለገሉ ነርሶች ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት ወደ ዩኒቨርሲቲ ጎረፉ። እዚያም መራራ ነገር ጠበቃቸው። የሦስት ዓመት የሆስፒታል ሥልጠናቸው በኮሌጅ መዝገብ ላይ ያለው ዋጋ እጅግ ትንሽ፣ በአንዳንድ ስፍራም ከናካቴው የሌለ ሆኖ ተገኘ። በጦር ሜዳ ድንኳን ውስጥ የቆሰለ ወታደር ደም ያቆመች ነርስ፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጃገረድ ጎን ቆማ መሠረታዊውን የነርስነት ትምህርት እንደ አዲስ እንድትጀምር ልትጠየቅ ትችል ነበር። የዩኒቨርሲቲዎቹ ሐሳብ ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ከሆስፒታል ሆስፒታል የሥልጠናው ጥራት እጅግ ይለያይ ነበርና። ይሁን እንጂ የሰውየውን ዕውቀት መርምሮ መለየት ሲቻል ሁሉንም በጅምላ አለማወቅ፣ ለፍትሕ ሳይሆን ለመዝገብ ቤት ምቾት የቆመ አሠራር ነበር።

በ1952 ሚልድረድ ሞንታግ የምትባል ምሁር በሁለት ዓመት ኮሌጆች ውስጥ የሚሰጥ አጭር የነርስ ትምህርት በሙከራ አስጀመረች። እርሷ ያሰበችው ምሩቃኑ ከባለ ዲግሪዋ ነርስ በታች የተወሰነ ሥራ ያላቸው እንዲሆኑና ትምህርቱም በዚያው እንዲያበቃ ነበር። ነገር ግን ሁሉም የሚፈተኑት ያንኑ የሙያ ፈቃድ ፈተና ስለ ነበረ፣ በሕሙማን ክፍል ውስጥ ልዩነቱ ጠፋ። የሁለት ዓመቷም፣ የሦስት ዓመቷም፣ የአራት ዓመቷም ነርስ አንድ ልብስ ለብሰው አንድ ሥራ ይሠሩ ጀመር። በ1965 የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር፣ ለሙያዊ ነርስ ዝቅተኛው መመዘኛ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲሆን የሚጠይቅ የአቋም መግለጫ ሲያወጣ፣ አብዛኞቹ አባላቱ ራሳቸው ዲግሪ አልነበራቸውም። ቁጣው ከባድ ነበር። «ትናንት ያሠለጠናችሁን እናንተ፣ ዛሬ ጎደሎ የምትሉን እናንተ» የሚል ስሜት በየሆስፒታሉ ተሰማ። ማኅበሩ የጠየቀው ትክክል ነበር፤ ያልመለሰው ጥያቄ ግን ልጅና ደመወዝ ያላት የሠላሳ አምስት ዓመት ነርስ በምን መንገድ ትማር የሚለው ነበር።

ለዚህ ጥያቄ ድፍረት ያለበት መልስ የመጣው ከኒውዮርክ ግዛት ነው። የግዛቱ የትምህርት ኮሚሽነር ኢዋልድ ናይኩዊስት፣ አንድ ሰው ዕውቀቱን የትም ያግኘው የት፣ ማወቁን ካስመሰከረ ዲግሪ ሊሰጠው ይገባል የሚል ሐሳብ አቀረበ። በ1971 በካርኔጊና በፎርድ ድርጅቶች ርዳታ የውጭ ዲግሪ ፕሮግራሙ ተቋቋመ። ይህ ተቋም የመማሪያ ክፍል አልነበረውም። ፈተና ያዘጋጃል፤ ከሌሎች ኮሌጆች የተገኘውን ውጤት ይመዘግባል፤ በመጨረሻም ዲግሪ ይሰጣል። ነርስነት ከመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓይነቶቹ አንዱ ሆነ። በኬሎግ ድርጅት ድጋፍ አስቀድሞ የሁለት ዓመቱ፣ ቀጥሎም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪው ተዘጋጀ።

ወዲያው የተነሣው ተቃውሞ ሊታለፍ የማይገባው ነው። ታሪክና ሒሳብ በጽሑፍ ይፈተናል፤ የነርስ እጅ ግን በወረቀት እንዴት ይፈተናል? የፕሮግራሙ አዘጋጆች መልሳቸው፣ እጅ የሚፈተነው በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ነው የሚል ነበር። በካሪ ሌንበርግ መሪነት በሁለት ዓመቱ ፕሮግራም ላይ የተዘጋጀው ፈተና በሳምንት መጨረሻ በሆስፒታል ውስጥ የሚካሄድ ሆኖ፣ ተፈታኟ እውነተኛ ሕሙማንን እያስታመመች መርማሪ ይከታተላት ነበር። ለእያንዳንዱ ተግባር መሟላት ያለባቸው ነጥቦች አስቀድመው በጽሑፍ ተሰጥተዋል። ከእነዚህ አንዱ ቢጓደል፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ያ ክፍል ወድቋል ማለት ነው። በብዙ ተፈታኞች ዘንድ እጅግ የሚፈራ ፈተና ነበር። በአንድ በኩል ሲታይ፣ በመደበኛው ትምህርት ቤት በመምህሯ በጎ አስተያየት ከምታልፈው ተማሪ ይልቅ በዚህ ፈተና ያለፈችው የበለጠ ተመርምራለች ለማለት ይቻላል። በሌላ በኩል ግን መመርመር ማስተማር አይደለም። አንዳንድ ግዛቶችም፣ በተለይ ካሊፎርኒያ፣ በአስተማሪ ሥር የተፈጸመ የተግባር ሰዓት የለበትም በማለት ውሎ አድሮ ለዚህ ተቋም አዳዲስ ምሩቃን ፈቃድ መስጠት አቆሙ። ያም ሆኖ ክርክሩ የነካው አዲስ ፈቃድ ፈላጊዎችን እንጂ፣ ፈቃዷን አስቀድማ ይዛ ዲግሪዋን ለማሟላት የመጣችውን ነርስ አልነበረም። ተቋሙ ዛሬ ኤክሴልሲየር ዩኒቨርሲቲ ይባላል።

ከአሜሪካ ውጭ ሲታይ ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ታሪክ አለ። በፕሪቶሪያ የሚገኘው የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ከ1946 ጀምሮ በፖስታ ያስተምር ነበር፤ በአገራችን የተልእኮ ትምህርት እየተባለ ሲጠራ የኖረው ዓይነት ነው። በ1975 ሻርሎት ሰርል የነርስነትን የትምህርት ክፍል በዚያ አቋቋመች። ጊዜው ዩኒቨርሲቲዎች በዘር ተከፋፍለው የነበሩበት ዘመን ነው፤ በ1959 የወጣው ሕግ ጥቁር ተማሪን ከነጮች ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ መልሶት ነበር። የፖስታ ትምህርት ግን ክፍል ስለሌለው የሚለያይ ወንበርም አልነበረውም። በሩቅ ገጠር የሚስዮን ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ ጥቁር ነርስ የምትቀበለው ጥራዝ በጆሃንስበርግ ነጭዋ ባልደረባዋ ከምትቀበለው ጋር አንድ ነበር። ይህ የፍትሕ ሥራ ነው ብሎ ማወደስ ግን ይከብዳል፤ መራራቅ ለመማር ያመቸው አገዛዙ ሰዎችን ማራራቅ ስለ ፈለገ ጭምር ነውና። ይኸው ዩኒቨርሲቲ ከጊዜ በኋላ በአዲስ አበባ፣ በአቃቂ፣ ማዕከል ከፍቶ በጤና ጥናት ዘርፍ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችን እስከ ዶክትሬት ድረስ አስተምሯል።

የ1980ዎቹ ሁኔታ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። በ1981 የካሊፎርኒያ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ነርሶች በያሉበት ዲግሪ የሚያሟሉበትን ፕሮግራም ጀመረ። ሰፋፊና ሰው የሳሳባቸው ግዛቶች ደግሞ ትምህርቱን በቴሌቪዥንና በሳተላይት ያሰራጩ ነበር። ኢንተርኔት በ1990ዎቹ ሲስፋፋ እንግዲህ አዲስ ትምህርት አልፈጠረም፤ ፖስተኛውንና የቴሌቪዥኑን ምሰሶ ብቻ ተካ። ነርስነት ከሌሎች ሙያዎች ቀድሞ የተመቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ዲግሪ ለማሟላት የምትማረው ነርስ መርፌ መውጋትና ቁስል ማጠብ አትማርም፤ ፈቃዷ ይህን አረጋግጧል። የሚቀራት ስታቲስቲክስ፣ የምርምር ዘዴ፣ የኅብረተሰብ ጤናና አስተዳደር ነው። እነዚህ ደግሞ በጽሑፍ የሚሄዱ ናቸው። የኅብረተሰብ ጤና የተግባር ልምምዷንም በምትኖርበት ከተማ ትፈጽማለች። ከሁሉ ይልቅ ጠቃሚው፣ ትምህርቱ ሰዓት የማይወስን መሆኑ ነው፤ ተራዋ በየሳምንቱ ለሚለዋወጥ ሰው የማታ ትምህርት ቤት እንኳ አይሆንም ነበርና።

በ2003 ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በፔንስልቬንያ 168 ሆስፒታሎች በቀዶ ሕክምና የታከሙ 232,342 ሕሙማንን መዝገብ መርምረው ያወጡት ጥናት ለነገሩ ክብደት ሰጠው። በአንድ ሆስፒታል የባለ ዲግሪ ነርሶች ድርሻ በመቶ 10 ከፍ ሲል የሕሙማኑ የመሞት ዕድል በመቶ 5 ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። በ2014 በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች የተደረገው ጥናትም ወደዚያው አመራ። ይህ ማስረጃ ኃይለኛ ቢሆንም ከልክ በላይ ሊለጠጥ አይገባውም። የ2003ቱ ጥናት የነርሷን ከፍተኛ የትምህርት ደረጃ ጠየቀ እንጂ፣ ዲግሪው ከመጀመሪያው የተገኘ ይሁን ወይም ከሃያ ዓመት ሥራ በኋላ የተሟላ አልለየም። ሆኖም በ2010 የአሜሪካ የሕክምና ተቋም በ2020 ከነርሶች በመቶ 80 ባለ ዲግሪ እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረበ። ግቡ በተባለው ዓመት አልተደረሰበትም። የትምህርት ተቋማት ግን ጥሪውን ፈጥነው ሰሙ፤ ከመካከላቸውም ስለ ትምህርቱ ጥልቀት ሳይሆን ስለ ፍጥነቱ ብቻ የሚያስተዋውቁ አልጠፉም።

ሕግ አውጪዎች ዲግሪን ለማስገደድ ሲሞክሩ የደረሰባቸውም ትምህርት ሰጪ ነው። ኖርዝ ዳኮታ በ1980ዎቹ አጋማሽ ዲግሪ የሌለው አዲስ ነርስ እንዳይመዘገብ ደንግጋ፣ ከሌሎች ግዛቶች ተነጥላ ስለ ቀረች በ2003 ሕጉን ሻረችው። ኒውዮርክ ሌላ መንገድ ያዘች። በታኅሣሥ 2017 በጸደቀው ሕግ ነርሷ በማንኛውም ትምህርት ቤት ተምራ ፈቃድ ትወስዳለች፤ ዲግሪዋን ግን በ10 ዓመት ውስጥ ማሟላት አለባት። ሕጉ ሲወጣ ፈቃድ የነበራቸው አልተነኩም። የውጭ ዲግሪ ፕሮግራም በተወለደበት ግዛት፣ ሥራ ላይ ሆኖ መማር ከፈቃድ ወደ ግዴታ ተሸጋገረ ማለት ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ሆስፒታሎችና የአረጋውያን መጦሪያዎች፣ በአገር ቤት «ሲስተር» ስትባል የኖረች ባለሙያ መጀመሪያ በረዳትነት ተቀጥራ፣ ማስረጃዋ እስኪመረመር ጠብቃ፣ ፈተናዋን አልፋ ፈቃዷን ካገኘች በኋላ ዲግሪዋን ደግሞ በኢንተርኔት ትቀጥላለች። ልጆቹ ከተኙ በኋላ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ይጠረጋል፤ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው የሳምንቱ ድርሰትም እሑድ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ መላክ አለበት። ሰኞ ማለዳ በ12 ሰዓት ተኩል ተረኛ ናት።